ፋሺዝምን የወደዱት የእንግሊዝ መኳንንትና ከበርቴዎች

በሰሜን አየርላንድ ማውንት ስቱዋርት የሚባል ትልቅ የመኳንንት ቤት አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት አንዲት ትንሽ ነጭ ምስል ተቀምጣ ኖራለች። ከፖርሴሊን የተሠራች ናት። ባንዲራ የያዘ የናዚ ኤስ ኤስ ወታደር ያሳያል። በ1936 ይዞ የመጣው ዮአኪም ፎን ሪበንትሮፕ ነው። ሪበንትሮፕ ያኔ የሂትለር መልእክተኛ ነበር፤ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆነ፤ በ1946 ደግሞ ኑረምበርግ ላይ በስቅላት ተቀጣ። የቤቱ ጌታ ሎርድ ለንደንደሪ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤት ናቸው። እስከ 1935 የእንግሊዝ የአየር ኃይል ሚኒስትር ነበሩ። (እዚህ የተጻፉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ምስሏ ስጦታ ነበረች። ለግብዣ የተጠራ እንግዳ እጁን ባዶ ላለመምጣት ይዞ እንደሚገባው ያለ ስጦታ። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ናት። ፋሺዝም ሲባል ሰልፍ፣ ጩኸትና ቡትስ ጫማ ነው የሚታየን። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ግን በእንግሊዝ ትልልቅ ቤቶች የገባው በእራት ግብዣ፣ በአደን ጉዞና በደብዳቤ ነበር።

እነማን ነበሩ? ድርጅት ፈጥረው በአንድ መሪ ሥር የተሰለፉ አልነበሩም። የጋዜጣ ባለቤቶች፣ የመሬት ጌቶች፣ ጡረታ የወጡ ጄኔራሎች፣ የፓርላማ አባላት፣ የባንክ ሰዎችና ሚስቶቻቸው ናቸው። የፋሺስቶችን መለያ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ከሩቅ ሆነው ያጨበጨቡ፣ ገንዘብ የሰጡ ወይም ዝም ያሉ ናቸው። ለንደንደሪ ራሳቸው የፋሺስት ፓርቲ አባል አልነበሩም። ከጀርመን ጋር ከተስማማን ሌላ ጦርነት አይመጣም ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ሰላም ፈላጊውንና ፋሺስቱን አንድ ላይ መጠቅለል ትክክል አይደለም። ግን ደግሞ እነዚህ የተከበሩ ሰዎች በራቸውን ሲከፍቱ፣ ናዚዎቹም የተከበሩ መስለው ታዩ። ትልቁ ውለታቸው ይኸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሂትለር አይደለም፤ በሙሶሊኒ ነው። በ1917 ሩሲያ ውስጥ አብዮት ፈነዳ። በ1918 ንጉሡ ኒኮላስ ከነቤተሰባቸው ተገደሉ። ኒኮላስ የእንግሊዙ ንጉሥ የአምስተኛው ጆርጅ የአክስት ልጅ ነበሩ። የእንግሊዝ መኳንንት በዚህ ደነገጡ። ነግ በእኔ አሉ። የውርስ ግብር ሲጨምር ርስታቸውን መሸጥ ጀምረው ነበር። በ1926 ሠራተኛው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። በዚህ መሃል ሙሶሊኒ የሠራተኛ ማኅበራትን ደቁሶ፣ ኮሚኒስቶችን አስሮ ታየ። ባለንብረቱ እፎይ አለ። የኒውዮርኩ ጄ.ፒ. ሞርጋን ባንክ በ1925 ለሙሶሊኒ መንግሥት የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር አመቻቸ። ያኔ የሶሻሊስቱ የፓርላማ አባል ማቴዎቲ በፋሺስቶች ከተገደለ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሆነውም። በኋላ ሂትለርን የተፋለመው ዊንስተን ቸርችል እንኳ በ1927 ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን በአደባባይ አሞግሷል። የዘመኑ አየር እንዲህ ነበር።

ከሁሉም በላይ ድምፁ የተሰማው ሎርድ ሮዘርሚር ነው። የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ባለቤት ነበር። ጋዜጣው በቀን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። ጥር 15 ቀን 1934 በራሱ ስም አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ «እሰይ ጥቁር ሸሚዞች!» የሚል ነበር። ያወደሰው የኦስዋልድ ሞዝሊን ፓርቲ ነው።

ሞዝሊ የባላባት ልጅ ነው። ከአባቱ የወረሰው ማዕረግም ነበረው። መጀመሪያ ያገባት ሴት የሕንድ እንደራሴ የነበሩት የሎርድ ከርዘን ልጅ ናት። በሌበር (የሠራተኛ) ፓርቲ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። በ1930 ሥራ አጥነትን ለመቀነስ ያቀረበው ዕቅድ ተቀባይነት ሲያጣ ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1932 መጀመሪያ ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን አገኘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የእንግሊዝ ፋሺስቶች ኅብረትን መሠረተ። ሮዘርሚር ሲደግፈው አባላቱ ወደ 50,000 ደረሱ።

ሰኔ 7 ቀን 1934 ለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። የፓርላማ አባላትና ባለጸጎች ሳይቀሩ ተገኙ። ከተሰብሳቢው መሃል አንዱ ተነስቶ ሲቃወም ሞዝሊ ንግግሩን ያቆማል። የመብራቱ ጨረር ወደ ተቃዋሚው ይዞራል። ሁሉም እያየ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ይደበድቡታል፤ እየጎተቱም ያስወጡታል። ይህ ደጋግሞ ሆነ። ብዙ ጨዋ ነኝ ባይ ያን ምሽት ሸሸ። ሮዘርሚርም በሐምሌ ድጋፉን አነሳ። ከሂትለር ጋር መጻጻፉን ግን አልተወም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ሞዝሊ ገንዘብ ከየት ያመጣ ነበር? ዕድሜውን ሙሉ ከውጭ አልወሰድኩም ብሏል። ከጦርነቱ በኋላ የወጡት የጣሊያን ሰነዶች ግን ሌላ ይናገራሉ። ከ1933 ጀምሮ ሙሶሊኒ በዓመት 60,000 ፓውንድ ገደማ በድብቅ ይልክለት ነበር። ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው።

በ1935 መስከረም ላይ የጣሊያን ጦር ለወረራ ሲዘጋጅ ሞዝሊ ዘመቻ ከፈተ። መፈክሩ እንግሊዝ የራሷን ጉዳይ ትይ የሚል ነበር። በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል፣ ለኢትዮጵያ ተብሎ የእንግሊዝ ደም እንዳይፈስ እያለ ከከተማ ከተማ ቀሰቀሰ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ደ ቦኖ የመረብን ወንዝ ሲሻገር የሮም ገንዘብ ለንደን ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር። አያቶቻችን ላይ ይፐሪት የተባለው የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ሲዘንብ፣ እዚያ በገንዘብ የተገዛ አፍ ነገሩ አይመለከተንም ይል ነበር። ይህን ሳነብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጄኔራል ፉለርም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታንክ ውጊያ እቅድ ስሙ የገነነ መኮንን ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሞዝሊ ፓርቲ አባል ሆነ። በ1935 ዴይሊ ሜይል ዘጋቢ አድርጎ ላከው። የሄደው ከጣሊያን ጦር ጋር ነው። የእንግሊዝ አንባቢ ስለ ጦርነቱ ከሚያነባቸው ጋዜጦች በአንዱ ላይ ዘጋቢው ራሱ ፋሺስት ነበር። ይኸው ሰው በ1939 ሂትለር 50 ዓመቱን ሲያከብር ከተጋበዙት ጥቂት እንግሊዛውያን አንዱ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት በፋሺስቶች እጅ አልነበረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር በታኅሣሥ 1935 የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለጣሊያን ለመስጠት ሲስማሙ፣ ሐሳባቸው ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት ነበር። ስምምነቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣን ለቀቁ። እዚህ ላይ ተራው የእንግሊዝ ሕዝብ መረሳት የለበትም። በዚያው ዓመት በተደረገ የሰላም ድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልስ ሰጥቷል። ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ብሏል። ሆኖም ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። በየቤታችን በፍቅር ስሟ የሚነሳው ሲልቪያ ፓንክረስት ጋዜጣዋን የጀመረችው ይህን ሁሉ እያየች ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣበት ቀን ግንቦት 5 ቀን 1936 ሲሆን፣ ጣሊያኖች አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት ነው።

የሚትፎርድ ቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ነገሩ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደገባ ያሳያል። አባትየው ሎርድ ሬድዝዴል ስድስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ዩኒቲና ታናሿ ጄሲካ አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። አንዷ በአልማዝ ቀለበት የመስኮቱን መስታወት ፍቃ ስዋስቲካ ሣለች። ሌላዋ መዶሻና ማጭድ ሣለች። ልጆች ነበሩ፤ ጨዋታ ይመስል ነበር። ዩኒቲ በ1934 ሙኒክ ሄደች። ሂትለር ምሳ የሚበላበትን ምግብ ቤት አጥንታ በየቀኑ እየሄደች ተቀመጠች። በየካቲት 1935 ወደ ጠረጴዛው ጠራት። ከዚያ በኋላ ከቅርብ ወዳጆቹ አንዷ ሆነች። መስከረም 3 ቀን 1939 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ሙኒክ መናፈሻ ውስጥ ራሷ ላይ ተኮሰች። አልሞተችም። ጥይቱ ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳለ እስከ 1948 ኖረች። ታላቅ እህቷ ዳያና በ1936 ሞዝሊን አገባች። ሠርጉ በርሊን በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት ነበር፤ ሂትለርም ተገኝቷል። ጄሲካ ግን በ1937 ከቤት ጠፍታ ፋሺስቶችን ወደሚዋጋው የስፔን ሪፐብሊክ ወገን ሄደች።

የዊንዘሩ መስፍን፣ የቀድሞው ንጉሥ ስምንተኛው ኤድዋርድም ስሙ አይቀርም። ዘውዱን በታኅሣሥ 1936 ትቶ፣ በጥቅምት 1937 ከባለቤቱ ጋር ጀርመንን ጎበኘ። ሂትለርንም በተራራ ቤቱ አገኘው። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ባሃማስ አገረ ገዥ አድርገው ላኩት።

ሂትለር ፈረንሳይን ሲያጠቃ መንግሥት እርምጃ ወሰደ። በግንቦት 1940 ሞዝሊ፣ በሚቀጥለው ወር ዳያና ያለ ፍርድ ታሰሩ። ኋላ ላይ በቸርችል ፈቃድ ሆሎዌይ እስር ቤት ግቢ ውስጥ በአንዲት ቤት አብረው ኖሩ። የዳያና ቤተሰብ ከቸርችል ባለቤት ጋር ዘመድ ነበር። በኅዳር 1943 ተፈቱ። ለንደንደሪን ማንም አላሰረም።

የፓርላማ አባሉ ካፒቴን ራምዚም በዚያው ግንቦት ታሰረ። በ1939 ራይት ክለብ የሚባል አይሁድን የሚጠላ ምስጢራዊ ማኅበር መሥርቶ ነበር። አራት ዓመት ታስሮም የፓርላማ ወንበሩን አልተነጠቀም። የማኅበሩን አባላት ስም የያዘው ቁልፍ ያለው ቀይ መዝገብ ነው። 135 ወንዶችና 100 ሴቶች ተመዝግበውበታል። ከነሱ መሃል የዌሊንግተን መስፍንና የነዩኒቲ አባት ሎርድ ሬድዝዴል አሉ። መዝገቡ ከ40 ዓመት በላይ ተሰውሮ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገኘ። አሁን ያለው ለንደን፣ ዊነር የሆሎኮስት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ያቋቋሙት ከሂትለር ጀርመን ሸሽተው የመጡ አይሁዳዊ ናቸው።