የወባ ሥርጭትን በፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ መከታተል

የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ደሙ ውስጥ የገባበት ሰው፣ ሰውነቱ ተሕዋሱን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት የተባሉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ትኩሳቱ ከለቀቀና ተሕዋሱ ከደም ከጠፋ በኋላም እነዚህ ፕሮቲኖች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። ይህንን ቅሪት በላብራቶሪ ለይቶ፣ አንድ ሰው ወይም የአንድ አካባቢ ሕዝብ ቀደም ሲል ለወባ ተጋልጦ እንደነበር የማወቂያው ዘዴ ሴሮሎጂ ይባላል።

ዘዴው የታመመን ሰው ለማከም አያገለግልም። በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ጤና ኬላ ለደረሰ ሰው የሚያስፈልገው ዛሬ በደሙ ውስጥ ተሕዋስ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነው፤ ይህንንም የሚመልሱት በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ስላይድና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ ናቸው። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገው የተሕዋሱን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲጂኑን እንጂ ሰውነት የሠራውን ምላሽ አይደለም። ፈጣኑ መመርመሪያና ሴሮሎጂ ሁለቱም ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ሊሠሩ ስለሚችሉ ቢምታቱ አይገርምም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። ፀረ እንግዳ አካል የተገኘበት ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ታክሞ የዳነ ሊሆን ይችላል፤ በቅርቡ የተያዘው ደግሞ ሰውነቱ ገና ምላሽ ስላልሠራ ነጻ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ፀረ እንግዳ አካላት ወባን በመከላከል ረገድ ያላቸው ድርሻ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የጋምቢያ ጥናት ነው። ወባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከተመላለሰባቸው አዋቂዎች ደም የተጣራው ፀረ እንግዳ አካል ለታመሙ ሕፃናት ሲሰጥ፣ በደማቸው የነበረው ተሕዋስ በእጅጉ ቀነሰ። በዚያው አሥርት ዓመት በሚያበራ ቀለም የሚሠራ ምርመራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ የፀረ እንግዳ አካልን መጠን በቀለም ለውጥ የሚለካው ኤላይዛ ለሕዝብ ጥናት መዋል ጀመሩ። የተሕዋሱን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ በላብራቶሪ ማምረት ሲቻል ምርመራው ይበልጥ ተስተካከለ፤ ዛሬ በተለያየ ቀለም በተለዩ ረቂቅ ዶቃዎች ላይ የተለጠፉ በርካታ አንቲጂኖችን በአንድ የደም ጠብታ መመርመር ይቻላል። ጠብታው በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ስለሚጓጓዝ መንገድ ከማይገባበት ቀበሌም ናሙና ማምጣት አይከብድም።

የዘዴው ዋና ብልሃት ግን ከመሣሪያው ይልቅ ከዕድሜ ስሌቱ ላይ ነው። ወባ ዘወትር በሚገኝበት ቀበሌ ከሕፃናት ይልቅ ታዳጊዎች፣ ከታዳጊዎች ይልቅ አዋቂዎች በብዛት ፀረ እንግዳ አካል ይገኝባቸዋል፤ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ብዙ የክረምት ማግሥት አሳልፏል፣ በወባ ትንኝም ብዙ ጊዜ ተነክሷል። በየዕድሜው ያለው ድርሻ በግራፍ ሲሰፍር፣ የመስመሩ አወጣጥ በየዓመቱ ከመቶ ሰው ስንቱ እንደ አዲስ እንደሚጋለጥ ለመገመት ያስችላል። መስመሩ በአንድ ዕድሜ ላይ ከተሰበረ፣ ለምሳሌ ከ10 ዓመት በላይ ካሉት ብዙዎቹ፣ ከዚያ በታች ካሉት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ከተጋለጡ፣ ሥርጭቱ ከ10 ዓመት ገደማ በፊት እንደቀነሰ ይገመታል፤ ያን ጊዜ መዝገብ የያዘ ሰው ባይኖር እንኳ። በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮና በኡሳምባራ ተራሮች አካባቢ በተለያየ ከፍታ ላይ ባሉ መንደሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት፣ በዚህ ስሌት የተገኘው የተጋላጭነት መጠን በትንኝ ንክሻ ከሚለካው የሥርጭት መጠን ጋር እንደሚሄድ አሳየ።

የከፍታው ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአገሪቱ ወባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቆላና ወይና ደጋ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኝ ሆኖ ወደ ደጋማው ክፍል ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል፤ ለበሽታው እምብዛም ያልተጋለጠ ሕዝብ የመቋቋም አቅም አልነበረውም። ወባ እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ብቻውን ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ የወባ ጥናት ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች በማይክሮስኮፕ ተሕዋሱ የተገኘባቸው 0.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት የተሰበሰቡት የደረቁ የደም ናሙናዎች ለፀረ እንግዳ አካላት ሲመረመሩ ግን፣ ከሁለቱ ዋና ዋና የወባ ተሕዋስ ዝርያዎች ሲሶ ያህሉ ሰው ለፋልሲፓረም፣ ሩብ ያህሉ ለቫይቫክስ ተጋልጦ እንደነበር ታወቀ። ሁለቱ ውጤቶች አይቃረኑም፤ አንደኛው ስለዚያ ሰሞን፣ ሌላኛው ስላለፉት ዓመታት የሚናገር ነው። ለአጎበርና ለኬሚካል ርጭት ቦታ የሚመርጥ ባለሙያ ሁለተኛውን ቢያይ ብዙ ያተርፋል።

ቫይቫክስ የራሱ ጣጣ አለው። በጉበት ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዳግም ይነሣል፤ የተደበቀውን የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በቅርቡ የተጋለጠውን ሰው ለይተው በጉበት የተደበቀውን ተሕዋስ በሚያጠፋ፣ በፕሪማኩዊን ዓይነት መድኃኒት ለማከም ወደ ፀረ እንግዳ አካላት ዞረዋል። ከታይላንድ፣ ከብራዚልና ከሰሎሞን ደሴቶች በተገኙ ናሙናዎች የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ለ8 የተሕዋሱ ፕሮቲኖች የተሠሩ ፀረ እንግዳ አካላትን በጋራ በመጠቀም ባለፉት 9 ወራት የተያዙትን በ80 በመቶ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አመለከተ። መድኃኒቱ የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ደም ሊያፈርስ ስለሚችል ያለ ተጨማሪ ምርመራ አይሰጥም።

የውጤቱ ንባብም ጥንቃቄ ይሻል። አራስ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚወርስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናሙና ስለ ራሱ ተጋላጭነት አይናገርም። አዲሶቹ የወባ ክትባቶችም በአንደኛው የተሕዋሱ ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ በዚያ ፕሮቲን ብቻ የሚሠራ ጥናት የተከተበውን ከተያዘው ሊለይ አይችልም።

ከሕዝብ ጥናት ውጭ ምርመራው በብዛት የሚሠራበት ቦታ ቢኖር የደም ባንክ ነው። በብሪታንያ፣ ወባ ባለበት አገር ለረዥም ጊዜ የኖረ ሰው፣ ከኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሄደውን ጨምሮ፣ ደም ሲለግስ ለወባ ፀረ እንግዳ አካላት ይመረመራል። ማይክሮስኮፕ ያልተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወባን የለመደ ሰውነት ሳይታመም ጥቂት ተሕዋስ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በስላይድ የማይታየው ያ ጥቂቱ ተሕዋስ ግን ወባን ፈጽሞ በማያውቅ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ሲገባ ብርቱ በሽታ ሊሆን ይችላል።