የጣና ልጆችና የውኃ ሳይንስ፦ የትምህርት ዕድል ከጎንደር ወገን

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ ባሕር የላትም። የጣና ዳር ሰው ግን ሐይቁን እስከ ዛሬ «ባሕር» ይለዋል፤ ባሕር ዳር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ አጠራር ነው። ስለዚህ ከጎንደር ወገን ተነሥቶ የባሕር ሳይንስ ልማር የሚል ተማሪ በአቅራቢያው የሚያገኘው የሐይቅ ሳይንስ ነው፦ የዓሣ ሀብት፣ ሊምኖሎጂ (የሐይቅና የወንዝ ውኃ ጥናት)፣ የረግረግ መሬትና የተፋሰስ አያያዝ። የሚማርበት ገንዘብም ከአንድ ቋት አይቀዳም። ከመንግሥት ምደባ፣ ከመሥሪያ ቤት ድጋፍና ከውጭ አገር ስኮላርሺፕ እየተቀጣጠለ የሚገኝ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ደሴቶቹም 37 ናቸው ይባላል። ብዙዎቹ የገዳም ይዞታ ናቸው፤ ሴት የማትረግጣቸውም አሉ። ቤተሰብ መሥርቶ፣ አርሶና ዓሣ አሥግሮ የሚኖር ሕዝብ በብዛት የሚገኘው በትልቁ ደሴት በደቅ ላይ ነው፤ ደቅ ደግሞ ለባሕር ዳር ይቀርባል። በጎንደር በኩል «የጣና ልጅ» ሲባል እንግዲህ ይበልጡን የዳርቻው ልጅ ነው፤ የጎርጎራው፣ የደልጊው፣ የደምቢያ ሜዳው።

ለእነዚህ ልጆች በሰው ድጋፍ መማር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ በለመነው ቁራሽ ዜማና ቅኔ ሲማር ኖሯል። መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ መንደሩ ይመግባል። አቋቋም የሚባለውን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ፍለጋ ጎንደር በአታ የሚደርሰው ተማሪም በዚሁ ሥርዓት ያለፈ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል የሚለው ቃል ነው እንጂ አዲሱ፣ ነገሩ የቆየ ነው።

ዘመናዊውን በር የከፈተችው ወባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ትንኝ መራቢያ በጎንደር በመደበኛነት መማር የተጀመረው በእነርሱ ነው ማለት ይቻላል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ ባዮሎጂ፣ ግብርናና የአካባቢ ሳይንስ፣ የአካባቢ ጤናም ይሰጥበታል፤ ዓሣን ለብቻው ማጥናት የሚሻ ግን ሐይቁን ዞሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ በመግቢያው ቀን የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይመልሳል። ስለዚህ ለድሃ ልጅ ትልቁ ግድግዳ ያለው ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በዝርዝሩ «ደሴት» የሚል የለም። ታንኳ እየቀዘፈ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ በወረቀት ላይ ከከተማው ልጅ ጋር እኩል ነው።

እኩል ግን አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ቆላድባ ወይም ሌላ ከተማ ቤት ይከራያል፤ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ስንቁ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ከቤት ይመጣል። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱም ያጠራጥራል። የዚህን ቤት ኪራይ የሚችል ዘመድ ከማናቸውም የውጭ ስኮላርሺፕ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ማንም ግን ስኮላርሺፕ ብሎ አይጠራውም።

ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ደግሞ የትምህርት ክፍል ምርጫ አለ። ከአንደኛው ዓመት በኋላ ምደባው በውጤት በመሆኑ ሕክምናና ምሕንድስና ቀድመው ይሞላሉ፤ «ባዮሎጂ ደረሰኝ» የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ በቅሬታ ነው የሚናገረው። ዓሣ አሥጋሪ አባት ያለው ልጅ ግን እዚህ ላይ ሌላው የማያውቀውን ይዞ ይመጣል። ነጭ ዓሣ የሚባለው የላቤዎባርበስ ወገን ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንቁላሉን ለመጣል ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ እንደሚወጣ ከመጽሐፍ በፊት ያውቃል። ከዚህ ወገን 15 ያህሉ ዝርያ ከጣና ሌላ የትም አይገኝም፤ በኔዘርላንድስ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑትም ይህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዳርቻ የተስፋፋው እንቦጭ ለመመረቂያ ጽሑፍ የማያልቅ ርዕስ ሆኗል።

ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ሳይንስ ትምህርት አለው። ከአገር ውጭ ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ፣ የኬንያው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲና በኔዘርላንድስ የዴልፍቱ የውኃ ትምህርት ተቋም አይኤችኢ በጋራ ሲሰጡት የቆየው የሊምኖሎጂና የረግረግ መሬት አያያዝ ማስተርስ ነው። ሁለተኛው የቤልጂግ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የውቅያኖስና የሐይቅ ሳይንስ ማስተርስ ሲሆን፣ ቭሊር-ዩኦኤስ የተባለው የቤልጂግ የዩኒቨርሲቲዎች የልማት ትብብር ድርጅት ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪ ሲሸፍንበት ቆይቷል። እውነተኛ ባሕር ለማየት ለጣና ልጅ ይህ ሁለተኛው ይሻለዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ፕሮግራም ትኩረቱ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ነው፤ የውኃ ሳይንስ ፈንድ ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው።

የቀረው መንገድ በመሥሪያ ቤት መላክ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወይም የዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ደመወዙ ሳይቋረጥ ይማራል፤ በምትኩ ለተወሰነ ዓመት ተመልሶ ለማገልገል ግዴታ ይፈርማል። ግዴታው ግን ለመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ለሐይቁ አይደለም፤ ስለ ዓሣ ተምሮ የመጣው ሰው ጎንደር ከተማ ቢሮ ውስጥ ቢቀመጥም ውሉ እንደተፈጸመ ይቆጠራል።