ቱርቦ ለሞተር ሳይክል፦ ጎንደር ላይ የሚባለውና እውነታው

ስለ ትልልቅ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች ጨዋታ በተነሳ ቁጥር «ቱርቦ ቢገጠምለትማ» የሚል አይጠፋም። ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ምኞቱ ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው። ተራ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል፤ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ከሩብ በላይ። ግን ስለ መፍትሔው የሚነገረው አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ደጋ ላይ ኦክስጅን ስለሌለ ቱርቦም አይረዳም»

ተቃራኒው ነው። የኦክስጅን ድርሻ ደጋም ሆነ ቆላ 21 በመቶ ነው፤ የሚሳሳው አየሩ ራሱ ነው። ቱርቦ ደግሞ የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1918 መሐንዲሱ ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው አሜሪካ ውስጥ ፓይክስ ፒክ በተባለ 4,300 ሜትር ተራራ ላይ አውጥቶ የፈተነው ይህንኑ ለማሳየት ነበር፤ ተሳክቶለታልም።

«ቱርቦና ሱፐርቻርጀር ያው ናቸው»

ለእኛ ከፍታ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሱፐርቻርጀርም አየር ጨማቂ ነው፤ ግን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ አየሩን የሚጨምቀው በተወሰነ እጥፍ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ የሚጨምቅ ከሆነ፣ እዚህ የሚያስገባው በባሕር ጠለል ካለው ተራ አየር በ17 በመቶ ብቻ የበለጠ ነው። ቱርቦ ግን በጭስ ማውጫው ጋዝ ስለሚዞር ፍጥነቱን ጨምሮ ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል። ይህም የሚያስከፍለው ዋጋ አለው፦ የበለጠ ሲጨምቅ አየሩ ይግላል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

«ቱርቦውን አምጥቶ መግጠም ብቻ ነው»

ብዙ ሞተር የሚበላው ይህ አመለካከት ነው። የጋለና የታመቀ አየር ሲሊንደሩ ውስጥ ዳግም ሲጨመቅ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስ ቀሪው ቤንዚን በራሱ ይፈነዳል። ፒስተን የሚበሳው፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ) የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1984 ጂፒዜድ 750 ቱርቦን ሲያወጣ የመጨመቂያውን መጠን (ሲሊንደሩ የገባውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) ወደ 7.8 ለ 1 ዝቅ ያደረገው ለዚህ ነው። ብዙ ዘመናዊ የጉዞ ሞተሮች ግን ከ10 ለ 1 በላይ ናቸው።

የቤንዚኑ ልክ ሌላ አደጋ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደጋ ላይ ቤንዚን ስለሚበዛበት አነስ ያለ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ማድረጉ ልክ ነው፤ ጥሩ ሥራም ነው። በዚያው ጂግለር ላይ ቱርቦ ከተጨመረ ግን አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይነድዳል። ቱርቦ ያለ ቤንዚን ማስተካከያ፣ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ በቂ ዘይት ዝውውር አይታሰብ። ፍሪሲዮኑም አዲሱን ጉልበት መቻል አለበት።

«በባትሪ የሚዞረው ትንሽ ፋን ያው ሥራ ይሠራል»

አይሠራም። አየር ለማመቅ ብዙ ኪሎ ዋት ያስፈልጋል፤ የሞተር ሳይክል ባትሪና ጄኔሬተር ያንን አይችሉም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«ሞተር ሳይክል ላይ ቱርቦ ተሞክሮ አያውቅም»

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኤክስ 500 ቱርቦን ለጉዞ አስቦ ሠርቷል፤ ያማሃና ሱዙኪም ተከትለውታል። ሁሉም ብዙም ሳይቆዩ ተዉት፤ ውድና ውስብስብ ነበሩ፣ ጉልበቱም ዘግይቶ በድንገት ይመጣ ነበር። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መካከል ጎማን በድንገት የሚገፋ ጉልበት ጥቅም ሳይሆን አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ካዋሳኪ ኤች 2 ኤስኤክስ ይህን በሱፐርቻርጀር የፈታው ሞተሩን ከመነሻው ለዚያ አዘጋጅቶ ነው።

«ዳገት ለማውጣት የሚበጀው ቱርቦ ብቻ ነው»

ጓዝና ሰው ጭኖ ለሚወጣ፣ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ ጥርሱ በበዛ መቀየር ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፤ በጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን በሁሉም ማርሽ ይጨምራል። የካቴናው ርዝመት የሚበቃ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።