ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከቻይና በጅቡቲ በኩል ወይም በአየር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃ አስተላላፊ (ጭነቱን በአስመጪው ፈንታ የሚያደራጅ ድርጅት) ሲመርጥ ደጋግሞ የሚሰማቸው አባባሎች አሉ። ኪሳራ የሚያመጡትን እዚህ አንስተናል።

«ዋጋው ዝቅ ያለው ይሻላል»

ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረው የባሕር ጭነቱ ዋጋ ብቻ ነው። በተለይ ኮንቴይነር የማይሞላ፣ ከሌሎች አስመጪዎች ዕቃ ጋር በጋራ የሚጫን ሲሆን መነሻው ላይ እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጥና ልዩነቱ መድረሻ ላይ በማራገፊያ፣ በመጋዘንና በሰነድ መልቀቂያ ስም ይጠየቃል። ያን ጊዜ ዕቃው እነሱ እጅ ስለሆነ መከራከር ከባድ ነው።

ከሦስት ድርጅቶች ዋጋ ሲጠይቁ ለሁሉም አንድ ዓይነት መግለጫ ይስጡ፦ የካርቶን ብዛት፣ የእያንዳንዱ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታና ክብደት፣ ዕቃው ከፋብሪካው በር ወይስ ከወደብ እንደሚነሳ፣ እስከ ጅቡቲ፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይስ እስከ መጋዘንዎ እንደሚደርስ። ያልተካተተው ክፍያ ተለይቶ፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀንም ተጠቅሶ ይጻፍ።

«ዕቃዬ ቀላል ነው፣ ብዙ አያስከፍልም»

የሚከፈለው ከክብደትና ከይዘት በሚበልጠው ነው። 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ የሚመዝኑ 24 ካርቶኖች አሉ እንበል። ጠቅላላ ክብደታቸው 360 ኪሎ ነው። በአየር ጭነት የሴንቲ ሜትሩ ብዜት ለ6,000 ስለሚካፈል አንዱ ካርቶን እንደ 20 ኪሎ ይቆጠርና የ480 ኪሎ ይከፈላል። ለ5,000 በሚያካፍሉ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ደግሞ 576 ኪሎ ይሆናል። በባሕር የጋራ ጭነት 1 ሜትር ኩብ ከ1 ቶን ጋር እኩል ስለሚታይ 2.88 ሜትር ኩብ ያስከፍላል። ፋብሪካው የካርቶኑን ከፍታ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ቢያወርደው የአየሩ ሒሳብ 420 ኪሎ ይሆናል። ድርጅት ከመቀየር በፊት ማሸጊያውን ማየት ይጠቅማል።

«ዕቃው ቢጠፋ ድርጅቱ ይከፍለኛል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የአጓጓዥ ኃላፊነት በሕግ ጣሪያ አለው። በሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛ የአየር ጭነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው (ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው)። በተሻሻለው የሄግ ቪዝቢ ደንብ በሚገዛ የባሕር ጭነት ደግሞ በአንድ ጥቅል 666.67 ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው።

እዚህ ላይ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የባሕር ጭነት ሰነዱ) አጻጻፍ ይወስናል። 500 ካርቶን፣ 7,500 ኪሎ ጭነው ሰነዱ «አንድ ኮንቴይነር» ብቻ ካለ ጥቅሉ አንድ ተብሎ ጣሪያው 15,000 ኤስዲአር ላይ ይቆማል። «500 ካርቶን» ተብሎ ከተዘረዘረ ግን እስከ 333,335 ይደርሳል። ረቂቁ ሲላክልዎ ይህችን መስመር ሳያዩ አያጽድቁ።

ኢንሹራንስም የግድ ነው። ሻጩ በሲአይኤፍ ውል (የባሕር ጭነቱንና ኢንሹራንሱን ሻጩ በሚከፍልበት ውል) የሚገባው ዋስትና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ዝቅተኛው የ«ሲ» ሽፋን ስለሆነ ተራ ስርቆትን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስዊዝ ቦይን የዘጋችው መርከብ ኤቨር ጊቨን ስትለቀቅ ባለቤቶቿ የማዳኑን ወጪ የዕቃ ባለቤቶችም እንዲጋሩ ጠይቀዋል። ዕቃው ምንም ባይነካ እንኳ ኢንሹራንስ የሌለው አስመጪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃውን ለማስለቀቅ ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል።

«አስተላላፊውና የመርከብ ድርጅቱ አንድ ናቸው»

አይደሉም። አስተላላፊው የራሱን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ይሰጥዎታል፤ የመርከቡ ዋና ሰነድ ግን በእሱ ስም ይወጣል። ለመርከብ ድርጅቱ ሳይከፍል ከቀረ እርስዎ ከፍለው ጨርሰውም ዕቃው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ያጣሩ፤ መድረሻ ላይ የሚወክለው ማን እንደሆነም ይጠይቁ።

«በ30 ቀን ይደርሳል ብለውኛል»

ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው መርከቧ ከተነሳችበት ነው። ፋብሪካ፣ የመነሻ ወደብ፣ መካከል ላይ መርከብ መቀየር፣ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ መጓጓዝ እና ጉምሩክ አልገቡበትም። ከቀኑ ይልቅ የኮንቴይነሩን ነጻ ቀናት (ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚይዙበትን ጊዜ) ይጠይቁ፦ ስንት ናቸው፣ ከየትኛው ቀን ይጀምራሉ፣ ባዶው የት ይመለሳል፣ ካለፈ በቀን ስንት ያስከፍላል? መልሱ በኢሜይል ተጽፎ ይምጣ።