የአፍሪካ ኅብረት አንድን አገር ሲያግድ ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ዜና የሚሰማ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ «ወታደሩ የተመረጠውን ፕሬዚዳንት አወረደ፣ ኅብረቱም አገሪቱን አገደ። ታዲያ ማን ተጎዳ?» ተገቢ ጥያቄ ነው።

ኒጀርን እንይ። ሞሐመድ ባዙም በ2013 ዓ.ም. በምርጫ ሥልጣን ያዙ። ሐምሌ 19 ቀን 2015 የገዛ ጠባቂዎቻቸው አገቷቸው። የጠባቂዎቹ አዛዥ ጄኔራል ቺያኒ መሪ ነኝ አሉ። ባዙም ግን መልቀቂያ አልፈርምም አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊርማ ቢገኝ ኖሮ «በፈቃዱ ለቀቀ» ለማለት በር ይከፈት ነበር።

እገዳው የሚመጣው ከኅብረቱ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር አንቀጽ 25 ነው። የታገደች አገር አዲስ አበባ በሚደረገው ስብሰባ አትቀመጥም፣ ድምፅም አትሰጥም። አባልነቷ ግን አይሰረዝም። ሰብዓዊ መብት የማክበር ግዴታዋም እንዳለ ነው። ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት በኒጀር ላይ የተደረገውን የድንበር መዝጋት ነው። ያን ያደረገው ኢኮዋስ የተባለው የምዕራብ አፍሪካ ማኅበር ነው።

ዋናው ጥርስ ሌላ ቦታ ነው። ያው አንቀጽ መፈንቅለ መንግሥት ያደረገ ሰው ሥርዓቱን ለመመለስ በሚደረገው ምርጫ እንዳይወዳደር ይከለክላል። ጋቦን ውስጥ ግን በነሐሴ 2015 ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ ሚያዝያ 2017 ተወዳድረው አሸነፉ፤ ኅብረቱም በጋቦን ላይ የጣለውን እገዳ አነሳ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ወታደሩ የሚፈራው ባዶ ወንበር አይደለም፤ ከምርጫ መታገዱን ነው። እሱ ካልተከበረ ለመራጩ የቀረለት ጥበቃ በጣም ትንሽ ነው።