ሆድና ልብ ሲነካኩ፦ «ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት

በልቶ ሲነሳ ልቡ ድው ድው የሚልበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሆዱ ይነፋል፣ ቃሩ እስከ ጉሮሮው ይወጣል፣ ከዚያ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ዘለል ይላል። የልብ ሐኪሙ «ልብህ ደህና ነው፣ ጨጓራህን ታይ» ይለዋል። የጨጓራ ሐኪሙ ደግሞ «ትንሽ ተቆጥቷል እንጂ ይህን ያህል አይደለም፣ ለማንኛውም ልብህን ታይ» ብሎ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲመላለስ የምርመራ ወረቀቱ ፌስታል ይሞላል። እኔም እንዲህ ያለ ፌስታል አለኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ቡና ላይ የሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ሰው ይጎዳሉና አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሆድና ልብን ምን አገናኛቸው?»

ጎረቤታሞች ናቸው። የሚለያቸው ዲያፍራም የሚባል ስስ ጡንቻ ነው፤ ልብ ከላይ፣ ጨጓራ ከሥር። ጨጓራ በምግብና በጋዝ ሲወጠር ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በዲያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ደረት ውስጥ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከአንጎል ሥር ተነስቶ፣ በአንገት በኩል ወርዶ፣ ልብንም ጨጓራንም አንጀትንም ያዳርሳል። የልብ ምት ዝግ እንዲል የሚያደርገውም እሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ጋ የተነሳው ነገር ሌላው ጋ ቢሰማ አይገርምም። በዚያ ላይ ከምግብ በኋላ ብዙ ደም ወደ አንጀት ስለሚሄድ፣ የጤነኛ ሰው ልብም ትንሽ ሥራ ይበዛበታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሉድቪግ ሮምሄልድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለዚሁ ጽፎ ነበር፤ እስከ ዛሬም «የሮምሄልድ ሲንድረም» ይባላል። ችግሩ፣ «ይኸው ተገኘ» የሚያሰኝ አንድ ምርመራ የለውም። ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው ወደ እሱ የሚመጣው። ሐኪሞቹ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።

«ጨጓራ ነው፣ ያልፋል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ዘንድ ጨጓራ የማይሸከመው በሽታ የለም። ከእምብርት በላይ የተሰማን ሁሉ ጨጓራ ነው።

ሃርት አታክ ግን ሁልጊዜ ደረትን ጨብጦ መውደቅ አይደለም። በተለይ የልብን የታችኛውን ግድግዳ ሲነካ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ከደረት በታች ማቃጠል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሴቶች፣ ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ እንዲህ ተደብቆ መምጣቱ ይብሳል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ተልባ ሲበጠብጥና ጀርባ ሲያሽ ውዱ ሰዓት ይሄዳል።

«የጨጓራ ሽሮፕ ጠጥቼ ቀለል አለኝ፣ እንግዲያው ጨጓራ ነው» የሚለው ሙግትም አያስኬድም። በሃርት አታክ መሃል ሆኖ ሽሮፕ የሚቀለው ሰው አለ። ግልባጩም እንዲሁ ነው። ከምላስ ሥር የሚደረገው የልብ መድኃኒት፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ የምግብ ቧንቧ መኮማተርንም ያላላል። መድኃኒቱ አሻለ ማለት በሽታው ታወቀ ማለት አይደለም።

ደረትን የሚጫን ነገር፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንገጭላ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ካለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። «ሌሊት ነው፣ ሲነጋ እሄዳለሁ» የለም። እዚያ ደርሳችሁ ደም ከተወሰደ በኋላ ቆዩ ብትባሉም ተቆጥታችሁ አትውጡ። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን ደም ውስጥ ከፍ እስኪል ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ናሙና ያስፈልጋል። ደረጃ ሲወጡ እየመጣ ሲያርፉ የሚለቅ «ቃር» ካለባችሁም፣ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ልባችሁን ታዩ።

«ልብ የሽማግሌ በሽታ ነው»

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ማለት ከባድ ስህተት ነው። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብ በሮችን ሊያበላሽ ይችላል፤ የሚታመሙትም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ያሳየዋል።

«ኢሲጂው ደህና ነው፣ ስለዚህ ምንም የለም»

ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳ ምርመራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን የ10 ሴኮንድ ያህል ምት ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ማታ 3 ሰዓት ከዶሮ ወጥ በኋላ የሚዘለው ልብ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ክሊኒክ ሲደርስ ጨዋ ሆኖ ይተኛል። ለዚህ ነው ሆልተር የሚታሰረው። ደረት ላይ ተለጥፎ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሆልተር የታሰረለት ቀን ሾርባ ብቻ ጠጥቶ የዋለ ሰው አውቃለሁ። ምንም አልተገኘበትም። ምን ይገኛል? የሚያስነሳባችሁን ምግብ ሐኪሙ ካልከለከላችሁ እንደወትሮው ብሉ።

«ልቤ አንዴ ቀጥ አለ፣ ልሞት ነበር»

ብዙ ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው። አንድ ምት ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ ልብ ትንሽ ያርፋል። በዕረፍቱ ብዙ ደም ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ጠንከር ይላል። የሚያስደነግጠው ያ ድው ያለው ነው። ልቡ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የለውም። በጣም ከበዛ ግን መቆጠር አለበት። ልብ ተዘበራርቆ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ ቢመታ ሌላ ነገር ነው፤ ቶሎ መታየት አለበት።

በግራ ጎን መተኛትም ሰዎችን ያወዛግባል። ለቃሩ ጥሩ ነው፣ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዛል። ልብ ግን ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ምቱ ይበልጥ ይሰማል። ይህ ልብን አይጎዳም።

«ጭንቀት ነው፣ ተረጋጋ»

ጭንቀት ሁለቱንም እንደሚያባብስ አልክድም። ልብ ሲዘል ሰው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ አየር ይውጣል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ልቡ ደግሞ ይዘላል። ግን ይህን ከማለት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ልብን ያስሮጣል፣ ሆድንም ያስቀምጣል። ደም ማነስም ልብን ያስመታል። ለወገብና ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን የሚያዘወትር ሰው ጨጓራው በቀስታ ሊደማ ይችላል። ሆዱን ያመዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ልቡ ይመታል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠበቅም። (የአይረን እንክብልም ሰገራ ስለሚያጠቁር እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት።) እነዚህን የሚያሳየው ተራ የደም ምርመራ ነው። ስኬታማ ሴት «ሥራ በዝቶብሽ ነው» ተብላ ያለ ምርመራ ስትሸኝ መስማት ያናድደኛል።

«የጨጓራ መድኃኒት ማንንም አይጎዳም»

ኦሜፕራዞልን እንደ ከረሜላ የምንገዛ ነን። ለተገቢው ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ከዓመት በላይ ሲወሰድ የደም ማግኒዚየምን ሊቀንስ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 አስጠንቅቋል። ማግኒዚየም ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት አንዱ ክላሪትሮማይሲንም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ የልብ መድኃኒታችሁን ስም ተናገሩ። በራሳችሁ ጊዜ ግን አታቋርጡ።

«አምቦ ውሃ ያወርደዋል»

ስታገሱ ይቀላችሁ ይሆናል። ግን የጠጣችሁት ጋዝ ነው፣ ቀድሞውኑ ለተነፋ ሆድ። ይልቅ የሚረዳው ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ በልቶ ከ2 እስከ 3 ሰዓት አለመተኛት ነው። ጾም የፈታ ሰው በፋሲካ ሌሊት ዶሮውንም ቅቤውንም ጠላውንም አከታትሎ ጋደም ሲል ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

«ሐኪሙ ምንም አላገኘም፣ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ»

ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ። «ያመኛል፣ ልቤም ይመታል» ብቻ ከሆነ ሐኪሙ የሚይዘው ነገር የለም። ትንሽ ደብተር ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ሽሮ በብዛት፣ ቡና። 2 ተኩል ላይ ሆድ ነፋ። ሩብ ጉዳይ ለ3 ልብ ዘለለ፣ ምት 96። ሳገሳ ለቀቀ።» የሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። የልብና የጨጓራ ሐኪሞቻችሁ የተለያየ ቦታ ካሉ የአንዱን ውጤት ለሌላው አሳዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመሃላቸው የሚመላለሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ስትወጡም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምን ዓይነት ምልክት ካየሁ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ልምጣ?»