«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የቸኮለ ሰው ሥራውን ያበላሻል፣ ከዚያ ያተረፈውን ጊዜ ሁሉ ያበላሸውን ሲያስተካክል ይጨርሰዋል። የአባባሉ ትርጉም ይኸው ነው። ከአነጋገሩ እንደሚታየው የመጣው ከእህል ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ጅማ ግን ስለ ቡና የተባለ ይመስለናል። ሂርማታ ገበያ ላይ ጀንፈል የሞላ ጆንያ አፉ በደንብ ሳይሰፋ ተቻኩለው ሲያነሱት ይገለበጣል፣ ቡናው ጭቃ ላይ ይበተናል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መልቀም ነው። ብዙ ሰው አባባሉን ስለባከነ ጊዜ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። የተለቀመው ቡና ግን አፈርና ጠጠር ይዟል፣ የጎደለም አለው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ይህ በመንግሥት ደረጃ ሲሆን ደግሞ ሰው ያልቃል።

በኦገስት 1964 እ.ኤ.አ. ማዶክስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ ከሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ጋር ተታኮሰች። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ ተባለ። ይህኛው ጥቃት አልነበረም። በቦታው የነበረው አዛዥ ራሱ የአየር ጠባዩ ራዳሩን ሳያሳስት እንዳልቀረ ጠቅሶ፣ ከሌላ እርምጃ በፊት ነገሩ በደንብ ይጣራ ብሎ መልእክት ልኮ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ግን በዚያው ሌሊት የአየር ድብደባ አዘዙ፣ ኮንግረሱንም ሥልጣን ስጡኝ አሉ። በሦስተኛው ቀን ተሰጣቸው፤ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2። የተሰጣቸው «አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ» የመውሰድ ሥልጣን ነው። የወታደር ቁጥር ገደብ የለውም፣ ቁርጥ ያለ የማብቂያ ቀንም የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ቬትናም ውስጥ 23 ሺህ ገደማ የነበረው የአሜሪካ ጦር በ1968 ከ500 ሺህ በላይ ሆነ፤ መደበኛ የጦርነት አዋጅ ግን አንድም ቀን አልታወጀም።

በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የጦርነት ሁኔታ አዋጅ ረቂቁን የሚያቀርበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ የሚያውጀው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሥልጣኑ ለሁለት የተከፈለው አንዱ ሲቸኩል ሌላው «ቆይ እስቲ፣ ማስረጃው የት አለ? እስከ መቼ ነው?» እንዲል ነው። ይህን የማይጠይቅ ተወካይ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ለመረጠው ሰው ምንም አይፈይድም።

አሜሪካኖቹ ለቀማውን የጀመሩት ዘግይተው ነው። ለጆንሰን ሥልጣን የሰጠውን ያን ውሳኔ በጃንዋሪ 1971 ሻሩት፣ ጦርነቱ ግን በዚህ አልቆመም። በ1973 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ጦር ካዘመተ በ48 ሰዓት ለኮንግረሱ እንዲያሳውቅ፣ ካልተፈቀደለትም በ60 ቀን ውስጥ ውጊያውን እንዲያቆም የሚያስገድድ ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንቢ ቢሉም ኮንግረሱ አጸደቀ። በጦርነቱ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቬትናማውያን ሞተዋል። ሴኔቱ ውስጥ «አይሆንም» ያሉት ሁለቱ ሰዎች ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ነበሩ። በ1968 ሁለቱም ሳይመረጡ ቀሩ።